ፒያኖ ወደ ጭሮ ሲጓዝ

አዲስ አበባ ላይ በሚገባ ተቃኝቶ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ በገመድ ተጠፍንጎ አይሱዙ ላይ የተጫነ የኮንሰርት ፒያኖ እናስብ። መድረሻው ጭሮ ነው፤ ብዙ ሰው ዛሬም አሰበ ተፈሪ የሚላት የምዕራብ ሐረርጌ ዋና ከተማ። መኪናው ማለዳ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ተነሥቶ አዳማንና መተሐራን አልፎ አዋሽ ሰባት ሲደርስ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከዚያ በቦርደዴ፣ በአሰቦትና በሚኤሶ አድርጎ ተራራውን ይያያዘዋል፤ ጭሮ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ትጠብቀዋለች። በዚህ መንገድ የተመላለሰ ሰው መተሐራ ላይ ሹራቡን እንደሚያወልቅ፣ ጭሮ ሲያመሽ ደግሞ መልሶ እንደሚለብስ ያውቃል። ፒያኖውም በአንድ ቀን ውስጥ ብርዱም፣ ሐሩሩም፣ የወይና ደጋው አየርም ተፈራርቀውበታል። ከመኪናው ሲወርድ የማለዳው ቅኝት አብሮት የለም።

ጉዞው በሐሳብ ብቻ የተደረገ ነው። ለኮንሰርት ፒያኖ የሚቃኙ ባለሙያዎች ምን እንደሚሠሩ ለማስረዳት ግን ከዚህ መንገድ የተሻለ አስተማሪ አላገኘሁም፤ ምክንያቱም የቃኚው ሥራ ከአንድ አዳራሽ፣ ከአንድ ምሽት አየርና ከአንድ ተጫዋች እጅ ጋር የተሳሰረ ነው። ትናንት ሌላ ቦታ የተሠራ ቅኝት ዛሬ እዚህ አያገለግልም።

በመጀመሪያ ሳይበድሉ የሚታሙ ሁለት ነገሮችን ነጻ እናውጣ። ከፍታው ራሱ ፒያኖ አያበላሽም። የአንድ ሽቦ ድምፅ የሚወሰነው በርዝመቱ፣ በክብደቱና በተወጠረበት ኃይል ነው፤ የአየሩ መሳሳት ከእነዚህ አንዱንም አይለውጥም። የመንገዱ ጉድጓድም የሚታማውን ያህል ጥፋት የለበትም። በደንብ የታሰረ ፒያኖ መንገጫገጭን ይችላል፤ ቅኝቱን የሚያጠፋው ከሁሉ በላይ እርጥበት ነው፣ ወይም የእርጥበት እጦት።

ይህን ለማየት የፒያኖውን ክዳን መክፈት ያስፈልጋል። በአንድ ፒያኖ ውስጥ 230 ገደማ ሽቦዎች አሉ፤ ቁልፎቹ ግን 88 ናቸው። ከመሃል ወደ ቀጭኑ ድምፅ ሲኬድ እያንዳንዱ ቁልፍ ሦስት ሽቦ ያስመታል፣ ወደ ወፍራሙ ሲወረድ ሁለት ይሆናል፣ ከታች በመዳብ የተጠመጠመ አንድ ወፍራም ሽቦ ብቻ ይቀራል። በትልቅ የኮንሰርት ፒያኖ ላይ የእነዚህ ሁሉ ሽቦዎች ውጥረት ሲደመር 20 ቶን ገደማ ይደርሳል። ይህን ጭነት የሚሸከመው ቀልጦ የፈሰሰ ብረት ነው። በዓለም የኮንሰርት መድረኮች ላይ በብዛት የሚታየው፣ 274 ሴንቲ ሜትር የሚረዝመው የስታይንዌይ ትልቁ ፒያኖ 480 ኪሎ የሚመዝነው በአብዛኛው ለዚህ ነው።

ከሽቦዎቹ ሥር ደግሞ ስፕሩስ ከሚባል፣ ከጥድ ወገን ከሆነ የፈረንጅ ዛፍ የተሠራ ሰፊ ሳንቃ አለ። ውፍረቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የምንሰማው ድምፅ ከሽቦው ይልቅ ከዚህ ሳንቃ ይወጣል፤ ሽቦው ብቻውን ቢሆን አየሩን እምብዛም አያንቀሳቅስም። ሳንቃው መሃሉ ላይ ጎበጥ ያለ ነው። እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ጉብታው ይጨምራል፣ ሽቦዎቹን ሽቅብ ይገፋል፤ ሽቦዎቹ ይወጠሩና ድምፃቸው ይወጣል። ሲደርቅ ጉብታው ይሟሽሻል፣ ሽቦዎቹም ላላ ብለው ድምፃቸው ይወርዳል። ሁሉም እኩል ቢወጡና ቢወርዱ ጉዳቱ ቀላል ነበር። ነገር ግን ሳንቃው በየቦታው እኩል አያብጥም፤ የመሃሉ ድምፆች ብዙ ሲሄዱ የዳር ዳሮቹ ጥቂት ይሄዳሉ። ስለዚህ ፒያኖው ከሌሎች መሣሪያዎች ጋር ብቻ ሳይሆን እርስ በእርሱም ይጣላል። በክረምት አዲስ አበባ የተቃኘ ፒያኖ በኅዳርና በታኅሣሥ ደረቅ አየር ድምፁ የሚወርደው በዚህ ምክንያት ነው፤ በአዋሽ ሸለቆ ሐሩር ውስጥ ለሰዓታት የቆመ ፒያኖም ያንኑ ለውጥ በአጭር ጊዜ ይጀምራል።

ሙቀት ደግሞ ለብቻው ይሠራል። ሽቦው ሲሞቅ ይረዝማል፣ ይላላል። የብረቱ አካልም አብሮ ስለሚሞቅና ስለሚሰፋ ለውጡ ቀስ ያለ ከሆነ አንዱ ሌላውን ያካክሳል። አደጋው ድንገተኛ ሙቀት ነው። የመድረክ መብራት ሲበራ ቀጭኑ ሽቦ በደቂቃዎች ውስጥ ይሞቃል፣ ወፍራሙ ብረት ግን ገና አልሰማም። ሙዚቀኞች አንዱን ግማሽ ድምፅ መቶ ቦታ ከፍለው እያንዳንዱን ክፋይ ሴንት ይሉታል፤ ይህን መለኪያ እንግሊዛዊው አሌግዛንደር ኤሊስ እ.ኤ.አ. በ1885 አስተዋወቀው። ሽቦው ብቻውን አንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ ሁለት ሴንት ገደማ ይወርዳል። አምስት ዲግሪ ከሆነ አሥር ሴንት ነው፤ ይህ ደግሞ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠ፣ ጆሮው የነቃ ሰው ሁሉ የሚሰማው መዛነፍ ነው።

በዚያው መኪና ላይ ዋሽንት የያዘ ሰው አለ እንበል። የእሱ መሣሪያ በተቃራኒው ይሄዳል። ዋሽንት ውስጥ የሚርገበገበው አየር ነው፤ ድምፅ ደግሞ በሞቀ አየር ውስጥ ይፈጥናል። አየሩ በአሥር ዲግሪ ሲሞቅ የዋሽንቱ ድምፅ ወደ 30 ሴንት ይወጣል፤ የተጫዋቹ ትንፋሽ ራሱ ሞቃት ስለሆነ በተግባር ልዩነቱ ከዚህ ያነሰ ነው። ያም ሆኖ ሚኤሶ ላይ በቀትር ዋሽንትና ፒያኖ አብረው ቢጫወቱ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል። ለኦርኬስትራ ፒያኖ የሚቃኝ ሰው ሙቀት መለኪያውን ከመፍቻው ጋር የሚይዘው ይህን ስለሚያውቅ ነው።

ሚኤሶን ካነሣን አይቀር፣ የፒያኖ ታሪክ በኢትዮጵያ ከዚህ አካባቢ ጋር የሚገናኝበት ሌላ ክር አለ። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፤ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1917። ሚኤሶ የዚህ መስመር ጣቢያ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ከባድ ዕቃ በአብዛኛው ይህን ቆላ አቋርጦ ወደ መዲናዋ ይወጣ ነበር፤ በመርከብ የመጣ ፒያኖም ከባሕር ዳርቻ እርጥበት ወደ ቆላው ድርቀት፣ ከዚያ ወደ ሸዋ ብርድ የሚወስደው መንገድ ይኸው ነበር። ወደ ጭሮ ስንመለስ ደግሞ፣ ከተማዋን ያቀፈው የጨርጨር ገዥ ሆነው አሰበ ተፈሪን በፕላን ያሠሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሩሲያ ተምረው የመጡ፣ የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የጻፉ ሰው መሆናቸውን ሳስብ፣ ይህች ከተማ ገና ከጅምሩ መድረክ በሚያውቅ እጅ እንደተቆረቆረች ይሰማኛል። ዛሬ የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ናት፤ የኮንሰርት አዳራሽ ምኞት ለእሷ የማይገባበት ምክንያት አይታየኝም።

እንግዲህ ፒያኖው ጭሮ ደረሰ። ቃኚው መጀመሪያ የሚያደርገው ምንም አለማድረግ ነው። ፒያኖው አዳራሹ ውስጥ ይቀመጣል፣ ብርድ ልብሱ ይነሣለታል፣ እንጨቱ ከክፍሉ አየር ጋር እስኪስማማ ይጠበቃል። ከተቻለ ቀናት፣ ካልተቻለ ቢያንስ ሌሊቱን። ቸኩሎ የሚቃኝ ሰው በጉዞ ላይ ያለ እንጨት ይቃኛል፤ ማለዳ ያስተካከለውን ማምሻውን አያገኘውም።

ከዚያ መነሻ ድምፅ ያስፈልጋል። እሱም ከመካከለኛው ዶ በላይ ያለው ላ ነው፤ በሰከንድ 440 ጊዜ የሚርገበገብ። ይህ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1939 ለንደን ላይ በተደረገ ዓለም አቀፍ ስብሰባ የተስማሙበት ነው፤ በርካታ የአውሮፓ ኦርኬስትራዎች ግን ዛሬም 442 ወይም 443 ይመርጣሉ። እንግሊዛዊው የመለከት ተጫዋች ጆን ሾር እ.ኤ.አ. በ1711 የፈጠረው የብረት ሹካ መነሻ ድምፅን በኪስ ይዞ ለመዞር አስችሏል። ዛሬ ስልክ ላይ የሚጫኑ መቃኛ ፕሮግራሞች አሉ፤ ጎበዝ ቃኚዎችም ይጠቀሙባቸዋል፤ የመጨረሻውን ውሳኔ ግን ለጆሯቸው ይተዋሉ። ምክንያቱን ከታች እንደርስበታለን።

ከላ ተነሥቶ ወደ ሌሎቹ ድምፆች የሚኬደው በዝምድና ነው። ከዶ እስከ ሶል ያለው ርቀት ለጆሮ እጅግ ንጹሕ ነው፤ የሶል የንዝረት ፍጥነት የዶን አንድ ጊዜ ተኩል ነው። ከሶል ደግሞ በዚያው ርቀት ሬ ይገኛል፣ ከሬ ላ፣ ከላ ሚ። እዚህ ላይ እናቁም። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፦ የትዝታ አምስት ድምፆች ተሟልተዋል። ሁሉም በንጹሕ ዝምድና የተሳሰሩ፣ ማንም ማንንም ያልበደለበት ቅኝት ነው። ክራር ተጫዋቹ ቀንበሩ ላይ ያሉትን መቃኛዎች እያጠበቀና እያላላ፣ አንዱን ክር ከሌላው እያስማማ ሲሄድ እንዲህ ያለ መንገድ ይከተላል፤ ሌላ ቅኝት ሲፈልግ ደግሞ ክሮቹን መልሶ ለባቲ ወይም ለአምባሰል ያዘጋጃቸዋል። ፒያኖ ግን በዘፈንና በዘፈን መካከል መልሶ የሚቃኝበት ጊዜ የለውም። አሥራ ሁለቱንም ድምፆች በአንዴ ይዞ፣ ከየትኛውም ተነሥቶ የትኛውንም እንዲጫወት ይጠበቅበታል።

ችግሩ የሚመጣው ከዚህ ነው። በንጹሑ ርቀት አሥራ ሁለት ጊዜ ተራምደን ወደ ዶ ስንመለስ፣ የደረስንበት ዶ ከመነሻችን ዶ ጋር አይገጥምም። 23 ሴንት ተኩል ገደማ ያልፈዋል። ይህ የማንም ሰው ስሕተት ሳይሆን የቁጥሮቹ ባሕርይ ነው፤ የጥንት ግሪኮችም ቻይናዎችም አውቀውታል። ትርፉን አንድ ቦታ ላይ ብንጥለው ያ ቦታ ጆሮ የሚቧጥጥ ይሆናል። የዛሬው ፒያኖ መፍትሔ ትርፉን እንደ አባት ዕዳ ለአሥራ ሁለት ወንድማማቾች እኩል ማካፈል ነው፦ እያንዳንዱ የዶ–ሶል ዓይነት ርቀት ሁለት ሴንት ይጠብባል። ሁሉም ጥቂት ተበድሏል፣ ማንም ግን አልተሰበረም።

ቃኚው ይህን ሁለት ሴንት በጆሮ የሚያገኘው በመርገብገብ ነው። ሁለት ተቀራራቢ ድምፆች አብረው ሲሰሙ ድምፁ ከፍና ዝቅ እያለ ይርገበገባል፤ የርግብግብታው ፍጥነት በመካከላቸው ያለውን ልዩነት ይነግራል። ከ440ው በታች ካለው ላ እስከ ቀጣዩ ሚ ያለው ርቀት በትክክል ሲጠብ፣ በአራት ሰከንድ ሦስት ጊዜ ገደማ በዝግታ ይርገበገባል። ከፋ እስከዚያው ላ ያለው ርቀት ደግሞ በሰከንድ ሰባት ጊዜ ገደማ ይንቀጠቀጣል። ቃኚው እነዚህን ፍጥነቶች በልቡ ይዟቸዋል። በመሃል ያለችውን አንድ ኦክታቭ (ከአንድ ፋ እስከ ቀጣዩ ፋ እንደማለት) በዚህ መንገድ ከገነባ በኋላ ሌላውን ሁሉ ከእሷ ይቀዳል።

እኔ በግሌ በጣም የምወደው ቀጥሎ ያለውን ደረጃ ነው፤ የሙያው ልብ ያለው እዚያ ነው። ቃኚው ከሦስቱ ሽቦዎች ሁለቱን በጎማ ሽብልቅ ያፍንና አንዱን ብቻ ያስተካክላል። ከዚያ አንዱን ሽብልቅ ያነሣል። አሁን ሁለት ሽቦ ይሰማል፣ በመካከላቸውም ርግብግብታ አለ። መፍቻውን ሽቦው የተጠቀለለበት የብረት ካስማ ራስ ላይ ያጠልቅና ይስባል። እንቅስቃሴው በዓይን አይታይም፤ መፍቻውን የያዘው እጅ ብቻ ያውቀዋል። ርግብግብታው ይዘገያል፣ ይረዝማል፣ ይጠፋል፤ ሁለቱ ሽቦ አንድ ይሆናሉ። ጀማሪ እዚህ ያቆማል። ባለሙያው ገና አላለቀም። ካስማው ጠንካራ እንጨት ውስጥ ተጣብቆ የገባ ነው፤ ራሱ ሲዞር ሥሩ ወዲያው አይከተልም፣ መሃሉ ይጠመዘዛል። ሽቦውም ከካስማው እስከ ሳንቃው በሚያልፍባቸው ማረፊያዎች ላይ ይያዛል፤ በአንዱ በኩል ውጥረቱ በዝቶ በሌላው ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ ባለሙያው ድምፁን ጥቂት አሳልፎ ይስብና መልሶ ያረጋጋዋል፤ ቁልፉንም በኃይል ይመታል፣ ደጋግሞ። ምቱ የተደበቀውን ውጥረት ያስለቅቀዋል። ድምፁ ከምቱ በኋላ ካልተነቃነቀ ፒያኒስቱ በመድረክ ላይ በሙሉ ክንዱ ቢወርድበትም አይነቃነቅም። በባዶ አዳራሽ ውስጥ ቃኚ ሲሠራ የሚሰማው ያ አሰልቺ የሚመስል ድብደባ ትርጉሙ ይህ ነው። 230 ሽቦ፣ እያንዳንዱ እንዲህ።

ስልክ ላይ ያለው ፕሮግራም ብቻውን የማይበቃው ለምንድን ነው ላልነው፣ መልሱ ሽቦው ራሱ ነው። ሽቦ ሲመታ ከዋናው ድምፅ ጋር ተደራቢ ቀጫጭን ድምፆችንም ይሰጣል። ብረት ግትር ስለሆነ ተደራቢዎቹ በስሌት ከሚጠበቀው ትንሽ ወጣ ይላሉ፤ ሽቦው አጭርና ወፍራም ሲሆን ደግሞ ይብሳል። በስሌት ብቻ የተቃኘ ፒያኖ ላይኛው ድምፁ የወረደ፣ ታችኛው የወጣ መስሎ ይሰማል። ስለዚህ ቃኚው ኦክታቮቹን በጥቂቱ ይዘረጋቸዋል፦ ቀጭኖቹን ከስሌቱ ከፍ፣ ወፍራሞቹን ዝቅ። ምን ያህል? ለእያንዳንዱ ፒያኖ ይለያያል፤ ለአነስተኛ ፒያኖ ብዙ፣ 274 ሴንቲ ሜትር ለሚረዝም ጥቂት። ጥሩ ፕሮግራም ግትርነቱን ለክቶ ይገምታል፤ በዚህ አዳራሽ፣ በዚህ ተጫዋች ጣቶች ሥር ምን እንደሚያምር ግን ከመሣሪያው ሌላ የሚያዳምጥ ሰው ይፈልጋል።

ተጫዋቹ ሲመጣ ሥራው ከቅኝት አልፎ ወደ ድምፁ ጠባይ ይገባል። የፒያኖ መዶሻ ጫፍ በተዳመጠ ሱፍ የተሸፈነ ነው። ሱፉ ሲጠነክር ድምፁ ብሩህና ሹል ይሆናል፤ በመርፌ ሲወጋጋ ለስለስ ይላል። አንድ መርፌ ያለ ቦታው ከገባ ያ ድምፅ ከጎረቤቶቹ ይለያል፣ መልሶ ማስተካከሉም ቀላል አይደለም። የቁልፉ ክብደትና ጥልቀትም ይስተካከላል፤ ቁልፍ ሲጫኑት አሥር ሚሊ ሜትር ገደማ ይወርዳል፣ መዶሻውም ሽቦውን ሊነካ ከሁለት ሚሊ ሜትር በታች ሲቀረው ተለቅቆ በራሱ ጉልበት ይመታል። በዚህች ጠባብ ቦታ የሚደረግ ለውጥ ፒያኒስቱ በለሆሳስ መጫወት መቻል አለመቻሉን ይወስናል።

ፒያኒስቱ ቭላድሚር ሆሮዊትዝ እ.ኤ.አ. በ1986 ከስድሳ ዓመት በኋላ ወደ ሩሲያ ተመልሶ ሞስኮ ላይ ሲጫወት የራሱ ፒያኖ በአውሮፕላን ተጭኖለት ነበር፤ ከፒያኖው ጋር ቃኚው ፍራንዝ ሞር ተጉዟል። ሌላው ፒያኒስት ግሌን ጉልድ ደግሞ ለዓመታት ከአንድ ፒያኖ ጋር ተጣብቆ ኖሯል፤ የሚቃኝለት ዓይኑ በጣም ደካማ የነበረው ቨርን ኤድኲስት ነው። ያ ፒያኖ እ.ኤ.አ. በ1971 ሲጓጓዝ ወድቆ ክፉኛ ተጎዳ፤ ብዙ ከተደከመለት በኋላም እንደ ቀድሞው አልሆነም። ስለ ማየት የተሳናቸው ቃኚዎች ከተነሣ፣ ፓሪስ ላይ ክሎድ ሞንታል የተባለ ማየት የተሳነው ሰው እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ሙያውን ለመሰሎቹ አስተምሮ፣ በ1836 የቅኝት መጽሐፍ አሳትሟል። እሱ የከፈተው በር በአውሮፓና በአሜሪካ ለብዙ ማየት የተሳናቸው ሰዎች የእንጀራ መንገድ ሆነ።

ያልተዘጋጀ ፒያኖ የቀረበበት ኮንሰርት ምን እንደሚመስል ከጃዝ ፒያኒስቱ ኪት ጃሬት ይታያል። ጥር 1975 (እ.ኤ.አ.) ኮሎኝ ኦፔራ ቤት ሲደርስ በጠየቀው ትልቅ ፒያኖ ፈንታ ለልምምድ የሚያገለግል ትንሽ ፒያኖ ቀርቦ ነበር፤ ቀጭኑ ድምፅ የሳሳ፣ ወፍራሙ ጉልበት የሌለው። ቃኚ ተጠርቶ ለሰዓታት ሠራበት። ጃሬት ከዚያ ፒያኖ ጋር የተደራደረው በጣቱ ነው፦ መሃሉን እየመረጠ፣ በግራ እጁ አንዱን ዜማ እየደጋገመ። ቅጂው ከሦስት ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። ይህ ታሪክ የተጫዋቹ ብልሃት ተደርጎ ይነገራል፤ እኔ ግን ስሙ የማይጠራውን፣ ከኮንሰርቱ በፊት ባሉት ሰዓታት ፒያኖውን ለጨዋታ ያበቃውን ቃኚ አብሬ አስታውሳለሁ።

ወደ እኛ ቤት ስንመለስ፣ በፒያኖና በቅኝታችን መካከል ያለውን ክፍተት በጣቶቻቸው የሞሉት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1923 አዲስ አበባ ተወልደው በስድስት ዓመታቸው ለትምህርት ስዊዘርላንድ ተላኩ፤ በኋላ ካይሮ ላይ ከፖላንዳዊው ሙዚቀኛ አሌግዛንደር ኮንቶሮዊችዝ ተማሩ፤ በግሸን ማርያም መነኮሱ፤ የመጀመሪያ ሸክላቸው በ1967 ጀርመን ታተመ፤ ከ1984 ጀምሮ ኢየሩሳሌም ኖረው በ2023 አረፉ። ሲጫወቱ ስሰማ ጆሮዬ የሚያዘው አንድ ነገር አለ፦ ማሲንቆና የሰው ጉሮሮ ከድምፅ ወደ ድምፅ ይንሸራተታሉ፣ ፒያኖ ግን አይችልም፤ እሳቸው ይህን በሚያመልጡ ፈጣን ጌጥ ድምፆች ይተኩታል። ቋሚ ሆኖ የተቃኘው መሣሪያ የሚንሸራተት ይመስላል። ሙላቱ አስታጥቄ ከጃዝ አሥራ ሁለት ድምፆች ጋር አምስቱን ያስማማበት መንገድም ከዚሁ ጥያቄ የተነሣ ነው። ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ወጥቶ ሶፍያ የተማረው ግርማ ይፍራሸዋ ደግሞ የአገሩን ዜማ ለኮንሰርት ፒያኖ እየጻፈ በዓለም መድረኮች ይጫወታል። እነዚህ ሰዎች ሁሉ የሥራቸው ግማሽ የተመካው ከመጋረጃው ጀርባ መፍቻ በያዘ ሰው ላይ ነው። አገራችን ፒያኒስት ስታፈራ ቃኚ ለማፍራት እኩል አለመጨነቋ ያሳስበኛል።

በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች፣ በጭሮም በሂርናም በበዴሳም በገለምሶም፣ በየሠርጉ የሚሰማው ኪቦርድ ነው። ኪቦርድን እርጥበት አያሳብጠውም፣ ቃኚም አይጠይቅም። በአንዳንዶቹ ላይ እያንዳንዱን ድምፅ በሴንት ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ማስተካከያ አለ፤ ተጫዋቹ ዘፋኙ የሚፈልገውን ቅኝት በዚያ ያዘጋጃል። ይህን ማስተካከያ በጆሮው እያዳመጠ የሚጠቀም ልጅ፣ ሳይታወቀው የፒያኖ ቃኚነት ፊደል ቆጥሯል ብዬ አምናለሁ። ርግብግብታ መስማት የሚማረው እዚያ ነው። በሐረርጌ ኦሮሞ ዘንድ ሸጎዬ በሰው ድምፅና በእግር ምት ብቻ ሲጨፈር ያለ ምንም መሣሪያ የሚጠበቀው የድምፅ መስማማትም የዚያው ጆሮ ሥራ ነው።

የኮንሰርቱ ቀን የቃኚው ውሎ ይህን ይመስላል። ማለዳ ሙሉ ቅኝት፤ መብራቱ በርቶ፣ ምሽት ላይ የሚኖረው ሙቀት ተፈጥሮ። ከዚያ ፒያኒስቱ ይለማመዳል፤ ቃኚው አዳራሹ መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያዳምጣል፣ የሸሹትን ድምፆች በወረቀት ይይዛል። ከልምምዱ በኋላ እነሱን ብቻ ይመልሳል። ሰው ሲገባ እንደገና ሌላ አየር ነው፤ ብዙ ሰው ሲተነፍስ እርጥበቱ ይጨምራል፣ ክፍሉም ይሞቃል። በእረፍት ሰዓት ወደ መድረክ ወጥቶ ከላይ ያሉትን ቀጫጭን ሦስትዮሽ ሽቦዎች ይፈትሻል፤ ቀድመው የሚሸሹት እነሱ ናቸውና። አሥር ደቂቃ ካገኘ ይበቃዋል።

ጭሮ ውስጥ ፒያኖ በቋሚነት የሚቀመጥ ቢሆን ምክሩ ጥቂት ነው። ፀሐይ የሚመታው መስኮት አጠገብ አይቀመጥ፤ በውጭ ግድግዳ ላይ አይደገፍ፤ የአዳራሹ በር ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ ሌሊት የሚዘጋ ከሆነ ክዳኑ ይሸፈን። በዓመት ሁለት ጊዜ ይቃኝ፦ አንዱ ክረምቱ አልፎ አየሩ ሲረጋ፣ በጥቅምት መጨረሻ ወይም በኅዳር፤ ሌላው ከበልጉ ዝናብ በኋላ። ለዚህ ባለሙያ ከአዲስ አበባ መምጣቱ አይቀርም። በመሃሉ ግን ከአንድ ቁልፍ ሦስት ሽቦዎች የአንዱ መሸሽ በየጊዜው ይከሰታል፤ እሱን ለመመለስ አንድ መፍቻ፣ ሁለት የጎማ ሽብልቅና ርግብግብታ የሚለይ ጆሮ ይበቃል። ባለሙያው በመጣ ጊዜ ከአዳራሹ ሠራተኞች ወይም ከከተማዋ ኪቦርድ ተጫዋቾች አንዱ አጠገቡ ቢቀመጥና ይህችን አንዷን ሥራ ቢማር፣ ፒያኖው እስከሚቀጥለው ቅኝት ድረስ ሊጫወቱበት የሚቻል ሆኖ ይቆያል።